ቀይ ላባ፣ አዳማ ቅርንጫፍ

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ ፈረምን። ውሉ አርባ ሁለት ገጽ ነው፤ በየገጹ ግርጌ የእኔ ፊርማ ከሎሚ ፊርማ ጎን አለ። ዘጠኝ ዓመት ሞጆ ደረቅ ወደብ የሰው ኮንቴይነር ሰነድ ሳነብ ኖሬያለሁ። የጎደለ ማኅተም፣ የተሳሳተ ክብደት፣ ሳይሞላ የታለፈ ቦታ ከሩቅ ይታየኛል። የራሴን ውል ግን በአንድ ምሽት ጨረስኩት።

ድርጅቱ አዲስ አበባ ነው፤ ስሙ ቀይ ላባ፣ የሚሸጠው የተጠበሰ ዶሮ። ስሙን፣ ቅመሙን፣ ዶሮውንና አሠራሩን እነሱ ይሰጣሉ፤ ቤቱንና ጉልበቱን እኛ። ፍራንቻይዝ ይሉታል። ዘንድሮ ለሴቶች ብቻ ባወጡት ዙር ከአዳማ የተመረጥነው እኛ ነን። ሎሚ የጸጉር ቤቷን ሸጣ ገባች፣ እኔ ሥራዬን ለቅቄ።

ያስተናገደችን የቅርንጫፎች ኃላፊዋ ሰብሪና ናት። ሻሿን አሳምራ "አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ" ብላ ተቀበለችኝ፤ በየመሐሉ "ኢንሻአላህ" ትላለች። ዶሮው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያርደው፣ ልጠይቅ አስቤ ነበር። እሷን ሳይ መጠየቁ ራሱ ነውር መስሎኝ ተውኩት።

ጠሃ ከጅቡቲ መንገድ ደወለ። ከበስተጀርባው የመኪናው ሞተር ይጮኻል። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የእትዬ ላባ ባል ነኝ" አለኝ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

የሥልጠናው ሳምንት አለቀ። እኔን አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ አቆሙኝ፣ ሎሚን ዶሮው ተዘጋጅቶ ወደሚመጣበት ቢሾፍቱ ላኳት። ማታ መናኸሪያ ተገናኝተን አብረን ተመለስን። ሎሚ ከተቀመጠች ጀምሮ አፏን አልከደነችም።

"ኑሲ፣ ብታዪው ጉድ ትያለሽ! ሰንበታ የሚባል ሰውዬ አለ፤ ሲያርድ እጁ አይታይም። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ በላብ ጠቁሮ የጫማ ክር መስሏል። ንጽሕናው ግን! መሬቱ ላይ ብትተኚ ልብስሽ አይቆሽሽም።"

እኔ በመስኮት የሞጆን መብራት እያየሁ ነበር። ስለደከመኝ ሁሉንም አልሰማሁም።

የካቲት 11

መመሪያው መጣ፤ ዘጠና አራት ገጽ። ደንበኛ ሲገባ "እንኳን ወደ ቀይ ላባ በደህና መጡ፣ ዛሬ ምን እናጣፍጥልዎ?" ማለት ግዴታ ነው። ሎሚ "እናቴ ብትመጣም? 'አካም ጂርታ' ብላት ሊቀጡኝ ነው?" አለች።

ዶሮውም መጣ። ተቆርጦ፣ በቅመም ተዘፍዝፎ፣ በካርቶን ታሽጎ። የካርቶኑን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ልማድ ነው። የታሸገበት ቀን አለ። ክብደት አለ። ምድብ ቁጥር አለ። ሌላ ምንም የለም። ነገ ለሰብሪና እደውላለሁ።

የካቲት 13

መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። ጄኔሬተሩ አልነሣም አለ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። አልደወልኩም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ተከፈተ!

ከትናንት ወዲያ የቆመው ነፋስ ዛሬ ተመልሶ አቧራውን በር ላይ ቢያፈሰውም ሰው አልቀረም። ሰኞ የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ይገባል። ድርጅቱ ቀኑን የመረጠው ለዚህ ነው፤ ዛሬና ነገ ሥጋ የሚያምረው ሁሉ ይወጣል። ተቆጣጣሪው ኢሊያስ ከአዲስ አበባ መጥቶ ባንኮኒው ከበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለካ። ሻሼ ቀይ መሆን እንዳለበትም ነገረኝ። ቀይ ገዛሁ።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ጎልማሳ ገባና እኔን አየ፣ ሻሼን አየ፣ ወደ ሎሚ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የኔ ልጅ፣ የክርስቲያን ነው አይደል? በቅበላ እንዳልሳሳት።" ሎሚ "አዎ አባቴ" አለችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከአሰላ የመጡ ሁለት ሴቶች በእኔ በኩል ቆሙ። "የሙስሊም ነው አይደል፣ እህት?" "አዎ" አልኳቸው። የሁለቱንም ያወጣነው ከአንድ መጥበሻ ነው።

ስንዘጋ ሎሚ ይህን አንሥታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል" አለች። እኔም ሳቅኩ። ብዙ ሳቅን። የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ። እግሬ አብጧል፤ ደስታ ነው።

የካቲት 18

ከጠዋት እስከ ማታ ዘጠኝ ሰው። ሎሚ ለጾመኛው ድንች ጠብሰን እንሽጥ አለችና ለኢሊያስ ደወለች። "ቀይ ላባ የጾም አይሸጥም፤ መመሪያው ገጽ ሠላሳ አንድ" አላት። "ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ደንበኛ እንዴት እንደሚመጣም ተጽፏል?" ብላ ዘጋችበት።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ነገ ረመዳን ነው አሉ። ቤቱን የሚያቆመው የእኛ ሰው ነው እንግዲህ፤ ክርስቲያኑ እስከ ፋሲካ አይመጣም።

እናቴ መሪማ ከሰዓት ብቅ አለች። ከወሎ ከመጣች አርባ ዓመት ሆኗታል፣ እስከ ዛሬ ከማታውቀው እጅ ሥጋ ገዝታ አታውቅም። ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም።

"ዶሮው የማን ነው?"

"የሙስሊም ነው እማ።"

"ማን ነው የሚያርደው?"

"ኃላፊዋ ሰብሪና ትባላለች። እንደኛው ናት።"

ያኔ ተቀመጠች። ያልኳት ይህንን ነው፤ ኃላፊዋ እንደኛው ናት። ውሸት አይደለም።

የካቲት 24

ከመግሪብ በፊት ያለው አንድ ሰዓት! ሰልፉ እስከ ሞባይል መጠገኛው ደረሰ። ስልኩ አያርፍም፤ ሎሚ ስምና ቁጥር በደብተር ትመዘግባለች፣ ባጃጆቹ እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። ሰዉ "ልጃችን የከፈተችው ቤት" እያለ ነው የሚመጣው። ሞጆ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ "ልጃችን የምትሠራበት" ያለ አንድ ሰው አላውቅም።

እናቴ ለጎረቤቶቿ ሦስት ሣጥን ወሰደች። ለእኔም አንድ እግር በሰሐን አስቀምጣልኝ ነበር። ተምርና ሾርባ ቀመስኩ።

"አንች ለምን አትበይም?"

"ሽታው ሲመጣብኝ ዋለ፤ አስጠላኝ።"

ይህም እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ።

የካቲት 26

ማተሚያ ቤት ያለው ፈሪድ ሳልጠይቀው በአረንጓዴ "ሐላል" የሚል ትልቅ ተለጣፊ አትሞ መጣ። "ሒሳብ የለውም፣ የረመዳን ስጦታ" አለና በመስታወቱ ላይ ራሱ ለጠፈው። እጄ ዱቄት ነበር። አመሰገንኩት። መመሪያው ከድርጅቱ ውጪ ምልክት መለጠፍ ይከለክላል፤ ኢሊያስ ሲመጣ ያነሣዋል ብዬ ተውኩት።

የካቲት 29

ጥርሴን አመመኝ ብያለሁ ለእናቴ። ሥጋ ማኘክ አልችልም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሐጂ ኡበይደላ መጡ። የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አባቴን የቀበሩ ሰው። ዓርብ መስጊዱ ሁለት መቶ ሰው ያስፈጥራል፤ የቀን ሠራተኛ፣ መንገደኛ፣ ሌላም ቤት የሌለው። ከሾርባው ጋር ለእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ዶሮ ከእኔ ቤት እንዲሆን ወስነዋል።

"ሐጂ፣ ስለ ዶሮው…" ብዬ ጀመርኩ።

"ዋጋውን ከልጆቹ ጋር ተነጋገሪ።"

"ዋጋውን አይደለም። እንዴት እንደሚታረድ…"

እጃቸውን አነሡ። "ሌላውን እንጠይቃለን፣ ልጄ። አንቺን አንጠይቅም። የመሪማ ልጅ ነሽ።"

ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሎሚ "ሁለት መቶ! ገለቶማ፣ ጌታ ሆይ!" እያለች ዘለለች።

መጋቢት 3፣ ከሱሑር በኋላ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት፤ የሌላ ሰው ሰነድ እንደማነብ አድርጌ። ጉድለቱ ወዲያው ታየኝ። የካቲት 8 "ማተብ" ብዬ ጽፌአለሁ። በእጄ ጽሑፍ፣ ሳልሰርዝ። ማተብ የሚያስረው ማን እንደሆነ አዳማ ውስጥ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ቀጥሎ "ሁሉንም አልሰማሁም" ይላል። ያልሰማ ሰው እንዴት ይጽፋል?

ከዚያ ካርቶኑ። ከዚያ "ነገ እደውላለሁ"። ከዚያ ቧንቧው። ከዚያ ጥርሴ።

እስካሁን ከዚያ ዶሮ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም። ለምን እንደሆነ ለራሴ የተለያየ ምክንያት ሰጥቻለሁ፤ የጻፍኩት ሁሉ እዚህ አለ። ከሻጯ በቀር ሁሉም በልቷል።

ምናልባት ሌላ አራጅ ይኖራል። ምናልባት የእኛ የሚመጣው ከሌላ ነው። ሲነጋ እደውላለሁ።

መጋቢት 3፣ ረፋድ

ደወልኩ።

"ሰብሪና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዶሮውን የሚያርደው ሙስሊም ነው?"

በር ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ በቢሮ ድምፅ፦ "ውሉ ስለ እሱ የሚለው ነገር የለም።"

"እኔ ስለ ውሉ አልጠየቅሁሽም።"

"ኑሰይባ፣ ሐላል ብለን ማስታወቂያ አላወጣንም። ማንም ጠይቆን አያውቅም። ጥያቄሽን ለበላይ አቀርባለሁ፤ ከበዓል በኋላ መልስ ይሰጥሻል።"

"ከሌላ ቦታ ልግዛና ልጥበስ።"

"ውሉ ይፈርሳል። አንቀጽ አስራ አራት።"

"እሺ። አንቺ ትበዪዋለሽ?"

"እኔማ ዶሮ አልወድም" አለች።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ቢሾፍቱ ሄድኩ። የሰው ቃል ሳይሆን ዓይኔ ይየው ብዬ። ከመናኸሪያ በባጃጅ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ረጅም ግንብ አጥር።

ሰንበታ የተባለው ሰው የምሳ ሰዓቱ ነበር፤ ጎማ ጫማውን አውልቆ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ረጅም ነው፣ ድምፁ ቀጭን። ማንነቴን ነገርኩት። ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

"እህቴ፣ አልዋሽሽም። ድሮ አንድ የናንተ ልጅ ነበር፣ ከእኔ ጋር ተራ እየገባ የሚያርድ። ጥቅምት ላይ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ። በስመ አብ ብዬ፣ በንጹሕ። የምሠራውን አላቃልልም።"

"አላቃለልክም" አልኩት።

"አንቺ ግን ለምን አሁን መጣሽ? ጾሙ ገብቶ የለም እንዴ?"

እኔ ጾመኛ መሆኔን ሲያውቅ ለራሱ የያዘውን ውሃ ከዓይኔ አርቆ አስቀመጠው።

ያው ቀን፣ ሎሚ ጋር

መጥበሻው አጠገብ ነገርኳት። መቆንጠጫውን ወረወረችው።

"ያን ቀን ነግሬሽ ነበር!"

"አውቃለሁ።"

"ማተቡን ሳይቀር ነግሬሻለሁ! ዝም ስትዪ፣ ይህች ልጅ ግድ የላትም ብዬ ተውኩት። እኔ ጸልዬ ሁሉንም እበላለሁ፤ የናንተን ወግ ከእኔ ትጠብቂያለሽ? አሁን ነገ ሁለት መቶ ሰው ሲመጣ ጸጸትሽ ያዘሽ?"

"ነገ ሁለት መቶ ሰው ስለሚመጣ ነው።"

"ከተናገርሽ እንዘጋለን። ጸጉር ቤቴን ሸጫለሁ፣ ኑሰይባ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ደንበኛ።" ኑሲ አላለችኝም። ከዚያ መቆንጠጫውን ከወለሉ አንሥታ አጠበችው። ብዙ ጊዜ አጠበችው። "ለሰዎቹ ንገሪ" አለች። "እኔ ግን ስታለቅሺ አላባብልሽም።"

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ኡበይደላን መስጊዱ ግቢ አገኘኋቸው። ቆሜ ተናገርኩ። የሰንበታን ስም፣ ቢሾፍቱን፣ ካርቶኑን፣ ሰብሪናን። ከመክፈቻው ቀን እስከ ትናንት ሃያ ቀን መሸጤን። የካቲት 8 መስማቴንም ተናገርኩ፤ እሱን ልዘለው ነበር።

ፊታቸው አልተለወጠም። መጀመሪያ ያሉት "ታዲያ ዛሬ ሁለት መቶ ሰው ምን ይብላ?" ነው። ልጅ ጠርተው ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዱቄት እንዲገዛ ላኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"የሸጥሽላቸውን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?"

"በስልክ ያዘዙት ደብተር ላይ አሉ።"

"ሒጂና ንገሪያቸው። ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው።"

"እሺ ሐጂ።"

"በአካል። በስልክ አይደለም።" "አንጠይቅሽም ያልኩት እኔ ነኝ። የእኔን ድርሻ እኔ እጠየቅበታለሁ" አሉ።

እስከ መግሪብ ከሴቶቹ ጋር ሳምቡሳ ጠቀለልኩ። ማንም አላናገረኝም፤ ማንም ሒጂ አላለኝም። ዱቄት ሲያልቅብኝ አንዷ ሳታየኝ ገፋ ታደርግልኛለች።

መጋቢት 6

እናቴ። እንደተቀመጠች ሰማችኝ። ስጨርስ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች።

"ለጎረቤት ያከፋፈልሁትን እኔ እነግራለሁ። እሱን ለኔ ተይው።"

"እሺ እማ።"

"እኔ ሳላውቅ ነው የበላሁ፤ አላህ ያውቃል።" እጥፉን በመዳፏ ተጫነችው። "አንች ግን አልበላሽም።"



መጋቢት 8

በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ በአማርኛና በኦሮምኛ። የኦሮምኛውን ሎሚ ጻፈችው፣ ሳልለምናት። "እዚህ የሚሸጠው ዶሮ በሙስሊም የታረደ አይደለም። ከየካቲት 15 እስከ መጋቢት 4 የሙስሊም ነው ብለን ሸጠናል። ጥፋቱ የኑሰይባ ነው።" ሎሚ "'ሸጠናል' ካልሽ 'የኑሰይባ' ማለት ምንድነው?" ብላ ልትሰርዘው ነበር፤ አልፈቀድኩም።

ፈሪድ ምላጭ ይዞ መጥቶ ተለጣፊውን ፋቀ። ጨርሶ "ቢያንስ ቀለሜን አስተርፈሽልኝ በነበር" አለ። መሳቁ ይሁን መቆጣቱ አልገባኝም።

ደብተሩ ላይ ሰባ አራት ስም አለ። ስልካቸው የሌለኝን፣ እየመጡ የገዙትን፣ በመልክ እያስታወስኩ ጻፍኩ፤ አስራ አንድ ሆኑ። "ጢሙን ሂና የተቀባ ሹፌር፣ ወደ ላንጋኖ የሚሄድ።" "ሰማያዊ ጃኬት፣ ልጅ የያዘች።" እንዲህ እንዲህ እያልኩ።

መጋቢት 10

አስራ ዘጠኝ ቤት።

ፍራንኮ አካባቢ ያለች አራስ፦ "ወላሂ፣ ለካ ለዚህ ነው የጣፈጠኝ!" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ እህቷን ጠርታ ሻይ አፍዪላት አለች። ጾም መሆኑን ረስታ።

አንድ አስተማሪ በሩን ሳይከፍት ሰማኝ። "ሳላውቅ በሰላም ነበርኩ። አሳወቅሽኝ። አሁን ማን ነው ያጠፋው?"

አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው "እግርሽን አደከምሽ" አሉኝ። ከስድቡ ሁሉ ይህ ከበደኝ።

መጋቢት 15

ኢሊያስ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ያልተፈቀደ ማስታወቂያ፣ የድርጅቱን ስም ማጉደፍ፣ በአምስት ቀን ይነሣ። ሎሚ ባንኮኒው ላይ በሁለት እጇ ተደግፋ ሰማችው።

"የተጻፈው ውሸት ነው?"

"ውሸት ነው አላልኩም።"

"እንግዲያው ወረቀቱን ራስህ ላጠው፤ ሰዉ እያየህ።"

ውጪ አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። ኢሊያስ ወጣ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ መኪናው ውስጥ ገባ።

መጋቢት 17

ሃያ ሁለት ቀሩ። ቤቱ ባዶ ነው። ሎሚ ሒሳቡን ብቻዋን ትሠራለች፣ እኔን አታሳየኝም። ደግነት ይሁን ቅጣት እንጃ።

መጋቢት 21፣ ዒድ

ጠሃ ትናንት ገባ። የካቲት 27 አዳማ ሲያልፍ ያፈጠረው በእኛ ዶሮ ነው፤ ለሁለት ጓደኞቹም አስጭኖ ሄዷል። እስካሁን አልነገርኩትም ነበር፤ በአካል ተብያለሁ፣ መንገድ ላይ ነው፣ ሲነዳ አይረበሽም። ምክንያት አላጣም።

ከሶላት ስንመለስ ነገርኩት። እየተራመደ ነበር፣ መራመዱን ቀጠለ። "ሰምቻለሁ" አለ። "ገላፊ ድንበር ላይ፣ ሻይ ቤት። አንድ ሾፌር 'አዳማ ያለችው ሴትዮ በየቤቱ እየዞረች ይቅርታ ትላለች' ሲል። ሚስቴ ናት አላልኩም።"

"አፍረህ?"

"አይ። ከአንቺ አፍ ልሰማ ብዬ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ።"

ሁለቱን ጓደኞቹን እሱ ይነግራቸዋል። ስማቸውን ከደብተሩ ራሱ ሰረዘ። እጁ ከብዶ ወረቀቱን ቀደደው።

ሚያዝያ 3

ሎሚ ምሳ ልጋብዝሽ አለች። በያይነቱ፣ ጾመኞች መሐል።

"አስቤበታለሁ" አለች። "እኔ ያንን ዶሮ እበላለሁ፤ ስለዚህ ልሸጠው እችላለሁ። አንቺ አትበዪም፤ ስለዚህ መሸጥ የለብሽም። ሌላውን ሁሉ ትተሽ ይህን አስቢው።"

ጠንካራ ነገር ለመመለስ ፈለግሁ። ያሰብኩት ሁሉ እሷ ካለችው ያነሰ ነበር። ድርሻዬን ቀስ እያለች ትከፍለኛለች። ለሰብሪና ደብዳቤ ጻፍን። መልሱ በአንድ ቀን መጣ፤ "የባለቤትነት ለውጡን ተቀብለናል።" ስለ አራጁ የጠየቅሁት ጥያቄ ላይ ምንም የለም።

ቁልፉን ስሰጣት ቀለበቱ ውስጥ የቤቴም ቁልፍ ነበር። ለመለየት ጥፍሬን ሰበርኩ።

ሚያዝያ 11፣ የፋሲካ ዋዜማ

ሎሚ ደወለች፤ ድምፅዋ በሰው ጩኸት ውስጥ ነው። ሰልፉ ሞባይል መጠገኛውን አልፏል። ወረቀቱን ያነበበው ክርስቲያን ሁሉ አምኖ መጥቷል፤ አንዱ "በዚህ ከተማ የማን እንደሆነ በጽሑፍ የሚናገር ቤት ይህ ብቻ ነው" አላት። ሳቀች፣ ከዚያ ስለሳቀች ይቅርታ ጠየቀችኝ።

"ሳቂ" አልኳት። ደስ ብሎኛል ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ሞጆ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ ከዱሮው መሥሪያ ቤቴ ፊት ለፊት ያለ የጭነት አስተላላፊ። አራት ሰዓት ላይ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፣ የመጨረሻው ወንበር፣ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ።

በመስኮት ሰማያዊ ጃኬት አየሁ። መናኸሪያው በር ላይ፣ ሻንጣ ይዛ፣ ከባጃጅ ነጂ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። በመልክ ከጻፍኳቸው መሐል አራት ነበሩ የቀሩኝ። አንዷ እሷ ናት።

ወዲያው አልተነሣሁም፤ ይህን ልጻፍ። ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰው ከሰማንያ አምስት ምንድነው አልኩ። ምናልባት ሌላ ሰማያዊ ጃኬት ነው አልኩ። ከዚያ ረዳቱ ጉልበቴን አልፎ በሩን ሲስብ "ወራጅ አለ" አልኩ።

"እህት፣ ከወረድሽ ወንበሩ የለም!"

"ይሂድ።"

ተሳፋሪው አጉረመረመ። ሴትዮዋ ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር ስደርስባት። ቀይ ላባ፣ ረመዳን፣ ብዬ ስጀምር አወቀችኝ፤ ፈገግ አለች። ከዚያ እየሰማችኝ ፈገግታው ቀረ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጠፋ።

"የመጀመሪያ ጾሟ ነበር" አለች። "የልጄ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሙሉ ቀን ጾማ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ስላት 'ከቀይ ላባ' አለችኝ።"

ይቅርታ አልኩ። ስንት ቤት ብዬዋለሁ ይህን ቃል፤ ዛሬ አፌ ውስጥ ጠበበኝ።

"ለሷ አልነግራትም" አለች። "አንቺም መንገድ ላይ ብታያት እንዳትነግሪያት።"

"አልነግራትም።"

"ማይልኝ።"

"ወላሂ።"

ገባች፣ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ሄደች። ስሟን አልጠየቅሁም።

የሚቀጥለው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆየ፤ ሞጆ ስደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ጥበቃው ስሜን ወረቀት ላይ ፈልጎ አገኘው፤ ከጎኑ "አልቀረበችም" የሚል ተጽፏል። እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች እየተግተለተሉ ይገባሉ።

ሦስት ቀሩ።